ከጎማው በላይ ያለው መቀመጫ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው ሁሉ መጨረሻው ጥያቄ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ገበያ ስሄድ፣ ባሮ ዳር ነፋስ ልቀበል ስቀመጥ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ ይመጣና ፎቶ ያሳየኛል። ጎማዋ ከአካሏ ወጣ ወጣ ያለ አሮጌ መኪና ናት። «ማዘር፣ የእኔንም እንደዚህ ላድርጋት?» ይለኛል። እኔም ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ «ከዚያ ጎማ በላይ የምታስቀምጠው ማንን ነው?» አብዛኛው ይስቃል። ስልኩን ዝም ብሎ ኪሱ የሚከት ካለ፣ ነገሩ የገባው እሱ ነው።

ሥራዬ ጎማ ነበር። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ሞዞ። ሞዞ የምንለው ቸርኬው የሚታሰርበትን፣ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ብረት ነው። መካኒክ ሲባል ለሰው የሚታየው ሞተር ስለሆነ ሞተር የሚሠሩት ጓደኞቼ ኮራ ይሉብን ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን አልቀናሁባቸውም። ሞተር ቢጠፋ መኪናው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ጎማ ሲወልቅ ግን የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው ሹፌሩ አይደለም። ይህን ስነግራቸው ዝም ይላሉ። ሰው ዝም ማሰኘት ደግሞ እወዳለሁ፤ አልደብቅም።

የአኙዋ ልጅ ነኝ፣ ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ነው። የቴክኒክ ትምህርቴን ጨርሼ የመንግሥት ጋራዥ ስመደብ አክስቴ «እጅሽ ግራሶ እየሸተተ ማን ያገባሻል?» ብላ አለቀሰች። ያገባኝ ሹፌር ነው። ፍሬኑን በነፃ ለማሠራት እንዳገባኝ እስኪሞት ድረስ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ኖረ። አንድ ነገር ብቻ ያናድደው ነበር፤ እሱ እየነዳ እኔ አንቀላፍቼ አለማወቄ። «አታምኚኝም ማለት ነው» ይለኛል። እሱን አምነው ነበር። ጆሮዬ ግን መኪና ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ ከወለሉ በታች ነው፤ የጎማውን ድምፅ ትቶ አያርፍም። የጋራዡ ደሞዝ ትንሽ ነበር፤ የደሞዙን ወሬ እዚህ ላይ እንጨርሰው።

የመጀመሪያው አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ልክ አያውቅም። «ሴት ልጅ ከመኪና ሥር አትተኛም» ብለው ዕቃ ቤት አስቀመጡኝ። ከዚያ ያወጡኝ የጎማና ፍሬን ክፍል ኃላፊው ጋሽ መኮንን ናቸው። የመቱ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ በጋምቤላ ሙቀት ላይ ኮታቸውን የማያወልቁ። አንድ ቀን ዕቃ ቤት መጥተው ቸርኬ በብሎኑ ላይ የሚጠብቅበት ዳዶ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ ግን ከመስጠቴ በፊት ጥርሱን በጣቴ ዳብሼ አንዱን መልሼ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። «ለምን ጣልሽው?» አሉኝ። «ጥርሱ ተበልቷል» አልኳቸው። በማግስቱ ቱታ ለብሼ ከሳቸው ጋር ነበርኩ።

የጋሽ መኮንንን ልማድ ልንገራችሁ፤ እኔ የኖርኩት በእሱ ነውና።

ከመኪና ሥር ከመግባታቸው በፊት ያማትባሉ። እኔ የወንጌል አማኝ ስለሆንኩ ሥራ ስጀምር ዝማሬ እል ነበር። «አንቺ ዘምሪ፣ እኔ ላማትብ፤ ክሪኩን ግን ሁለታችንም እንፈትሸው» ይሉኝ ነበር። በቸርኬውና በሞዞው ፊት መካከል የሚገባ ነገር ሁሉ ጠላታቸው ነው፦ ዝገት፣ ጭቃ፣ ቀለም፣ ግራሶ። በብረት ብሩሽ ያጸዱና ከኮታቸው ኪስ ነጭ መሐረብ አውጥተው ያሹበታል። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ካልተመለሰ ቸርኬው አይገባም። «ብረትና ብረት ፊት ለፊት ይሳሳም፤ መሃላቸው ሽማግሌ አያስፈልግም» ይላሉ። ሳቅሁ እንጂ ነገሩ የምር ነው። ቀለም ከብረት መካከል ከገባ መንገድ ላይ ይደቅቃል፤ ሲደቅቅ ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተት ሲኖር ያጠበቅነው ዳዶ ሁሉ እንዳልጠበቀ ነው።

ዳዶውን መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በቁልፍ፣ በዙር ሳይሆን አንዱን ከዚህ አንዱን ከፊት ለፊቱ እያፈራረቁ ነው የሚያጠብቁት። ቁልፍ ላይ ወጥቶ የሚዘል መካኒክ ካዩ ቀናቸው ተበላሸ። ቸርኬ ሲመርጡ ደግሞ በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ደህናው ይዘምራል፤ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። ጆሯቸው የነገራቸውን በጣታቸው ይፈልጉታል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ፣ ብየዳውን፣ ጎማው የሚቀመጥበትን ጠርዝ አንድ በአንድ።

ሲጨርሱ ከገበያ የገዙትን ቀይ የጥፍር ቀለም ያወጣሉ። ባለሱቁ ለሚስታቸው የሚገዙ እየመሰለው ሁሌ ያሾፍባቸው ነበር። ከዳዶው እስከ ቸርኬው ቀጭን መስመር ያሰምራሉ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። መኪናው ከከተማ ትንሽ እንደወጣ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቁመው በእጃቸው ጀርባ ሞዞውን ነካ ያደርጋሉ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ችግር አለ። ዳዶዎቹንም እንደገና ይፈትሻሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን መቀመጫው ነው። ብሎኑን ያጠበቀ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ከዚያው ጎማ በላይ ይቀመጣል። ሌላ ቦታ የለውም። አለቃ ቢመጣ፣ እንግዳ ቢመጣ አይለቁም። «ሥራዬ ላይ ነው የተቀመጥኩት» ይላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለታችንም መቲ ተመደብን፤ ከሳቸው መቱ የተለየች፣ ጫካ መሃል ያለች ከተማ ናት። የጋምቤላ ሰው መቲ ሲደርስ መጀመሪያ የሚለምነው ብርድ ልብስ ነው። ጋሽ መኮንን የደጋ ሰው ስለሆኑ በእኔ መንቀጥቀጥ ሳምንቱን ሙሉ ሳቁ። ሥራው ግን ከባድ ነበር። ጫካው እርጥብ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ቁልቁለቱ ረጅም፤ ቡና የጫነ መኪና ሁሉ ፍሬኑን ጨርሶ ነው የሚመጣው።

እዚያ ነው ተስፉን ያወቅነው። ተስፉ ባለመኪናም ሹፌርም ራሱ የሆነ ሳቂታ ሰው ነው፤ በአሮጌ ፒክአፑ ተከራይቶ የእኛን ዕቃ ያመላልሳል። ለጭቃው ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ ሰፋፊ ጎማ አስገጠመና መጣ። ጎማዎቹ ከመኪናዋ አካል ወጣ ብለዋል። «አሁን እንደ ሰው ቆመች!» እያለ ይዞራት ነበር። ወደ ጋምቤላ ዕቃ ልናወርድ ስለነበር ጋሽ መኮንን ገና የተገጠመ ነው ብለው ጎማውን ሳያወልቁ ዳዶዎቹን በደንብ አጠበቁለት፤ መስመራቸውንም አሰመሩ። አዳፕተር የሚባለውን፣ የማይገጥም ቸርኬ እንዲገጥም በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚታሰር ቀለበት፣ በዚያን ጊዜ በእኛ አካባቢ ማንም አይቶ አያውቅም። ከቸርኬው ኋላ ያለውን ወፍራም ቀለበት የመኪናዋ የራሷ ሞዞ ነው ብለን አለፍነው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከኋላው ግራ ጎማ በላይ፣ ዕቃው መሃል ተቀመጡ። እኔ ከኋላ በሌላ መኪና ተከተልኩ።

ቁልቁለቱ መሃል ስንደርስ ፒክአፗ ገደል ጥግ ተገልብጣ አገኘናት። ተስፉ መሪው ላይ እንዳለ ሞቷል። ጋሽ መኮንን እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰባብሮ፣ ዕቃ ሥር ሆነው ስሜን ይጠራሉ። ሰዎቹ እሳቸውን ሲያነሡ እኔ ጎማውን ፍለጋ የቡናውን ጫካ ወረድኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። ጎማው ግንድ ተደግፎ ቆሟል። ዳዶዎቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። ቀዩ መስመር አንዱም አልተሰበረም። ቀለበቱም ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ወጥቷል፤ የወለቀው ቀለበቱን ከሞዞው ጋር የያዘው ውስጠኛው ዳዶ ነው።

ሆስፒታል ስገባ ጋሽ መኮንን የጠየቁኝ ስለ እግራቸው አይደለም።

«መስመሩስ?» አሉኝ።

«ቀጥ እንዳለ ነው ጋሼ። አንዱም አልተሰበረም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ለተስፉ ነው ያለቀስነው፤ ለመስመሩም ጭምር። ያን ያህል ዓመት ያመንነው ነገር አልዋሸንም፤ መስመሩ ግን ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። ጋሼም «ከጀርባው ሌላ ዳዶ መኖሩን ማን ይንገረው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከመኪና ሥር አልገቡም። መቱ ተመልሰው እዚያው አረፉ፤ ትንሿን መዶሻ ግን ለእኔ ትተውልኝ ነው የሄዱት።

ኋላ ጋምቤላ ተመልሼ የተሽከርካሪ ምርመራ ላይ ተመደብኩ። ቦሎ የሚፈልግ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል ማለት ነው። አለቆች ተቀያየሩ፤ አንዱ ይወደኛል፣ አንዱ ይፈራኛል። አዳፕተሩ ደግሞ በየዓመቱ በዛ። እኔ አዳፕተር ሁሉ ገዳይ ነው አልልም። በልኩ የተሠራ አለ፦ ጠንካራ ብረት የሆነ፣ መሃሉ በሞዞው ላይ ልክክ ብሎ የሚገጥም፣ የቸርኬውንም መሃል የሚሸከም። እሱንም ቢሆን በየጊዜው ጎማውን አውልቆ ውስጠኛውን ዳዶ የሚፈትሽ ሹፌር ያስፈልገዋል። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሺኔታውና መሪው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ እነሱ ድሮም ደክመዋል። ሰው የሚያየው ማማሯን ነው፤ እኔ የማየው ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለበትን የማይታየውን ዳዶ ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ ጋትሏክ መጣ። ጋትሏክ የቤተ ክርስቲያናችን ሹፌር ነው፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ መኪናውን ከራሱ በላይ የሚያጥብ የኑዌር ልጅ። የሚነዳው አሮጌ ሃርድቶፕ ከኢታንግ ወዲያ ካሉ መንደሮች በሽተኛና ወላድ ወደ ሆስፒታል የሚያመጣ ነው። በጭቃ መንገድ ዳዶው እየላላ ሲነዳ የቸርኬዎቹ የብሎን ቀዳዳ ሞላላ ሆኗል፤ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ፓስተሩ ለምነው ከአንድ ቦታ ሙሉ ጎማ ከነቸርኬው አገኙ፤ አዲስ ማለት ይቻላል። ችግሩ ሃርድቶፑ ባለ ስድስት ብሎን ነው፤ የመጣው ቸርኬ ባለ አምስት። ስለዚህ ጋትሏክ ኒውላንድ አካባቢ ድስት የሚያቀልጥ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ከአሮጌ ድስትና ፒስተን አዳፕተር አስቀለጠ። ብረቱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ እንዳይዝግ ብለው ጀርባውን ወፈር አድርገው ቀለም ቀብተውታል። የዚያ ሰው ድስት እኔም ቤት አለ፤ ወጥ አያሳርርም። ድስት ግን ድስት ነው።

«አልገጥመውም» አልኩት።

«ማዘር፣ ሳታዪው?»

«አይቼዋለሁ።»

ጋትሏክ ቀለበቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቆሞ አየኝ። «ባለፈው ክረምት መኪና ተበላሽቶ ቆመ» አለኝ። «አንዲት ሴት ምጥ ይዟት በታንኳ አመጧት። መንገድ ላይ ሞተች። አንቺ ጎማ ወልቆ የሚሞተው ሰው ይታይሻል። መኪና ቆሞ የሚሞተው ሰውስ? እሱ አይታይሽም?»

እውነቱን ነው። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነበር።

«እንዲህ እናድርግ» አልኩት። «ልስበረው። ካልተሰበረ እገጥመዋለሁ፣ በላዩም እቀመጣለሁ።»

«እሺ» አለ ወዲያው። «ስበሪው።»

በገመድ አንጠልጥዬ በጋሽ መኮንን መዶሻ መታ አደረግሁት። ድምፁ ወደ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እርግጠኛ ሆንኩ፤ ቀድሞም ባልጠረጥር ኖሮ አልወራረድም ነበር። ሞርሳ ላይ አስሬ በትልቁ መዶሻ ስመታው በብሎን ቀዳዳው በኩል ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ጋትሏክ ስባሪውን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ሊቆጣ ሲል ቁጣው የት እንደሚያርፍ ጠፋበት።

«አሁን መኪናው ቆመ» አለ በቀስታ።

ያን ቀን እምቢ ማለት የሥራው ግማሽ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ባለ ስድስት ቀዳዳ ቸርኬ ከጋምቤላ ገበያ ከጠፋ ቆይቷል። እነዚያ የድሮ መኪናዎች የት ገቡ እያልኩ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቁጭ ብያለሁ። ዘበኛው ለአምልኮ ሊጠራን ደወሉን መታ። ቀና ብዬ አየሁት። ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቸርኬ ነው። ባለ ስድስት ቀዳዳ።

ጋትሏክን በቀሚሱ... ይቅርታ፣ በሸሚዙ ጎትቼ ከመዘምራኑ መሃል አወጣሁት። እንዲህ ነው የደነገጥኩት። በዚህ አገር የሞተ መኪና ቸርኬው አይጣልም፤ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ደወል ይሆናል። የእኛ ቸርኬዎች በየመንደሩ ተንጠልጥለው ሰው ሲጠሩ ነው የኖሩት። የመጣው ባለ አምስት ደግሞ ለደወል ምን ይጎድለዋል? ጎማውም የቸርኬው ስፋት አንድ ስለሆነ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይዛወራል።

በተዋስነው መኪና መንደር ለመንደር ዞርን። እኔ በመዶሻዬ እመታለሁ፣ በጣቴ እዳብሳለሁ። ብዙዎቹን ጣልኩ። ዓመት ሙሉ በብረት ሲቀጠቀጥ የኖረ ደወል ጠርዙ ተጎድቷል፤ ጎማ አይዝም። አንዳንዱ እየጮኸ ሰው ይጠራ እንጂ ከጆሮ ጠጋ ሲሉት ያጉረመርማል። በእንጨት የሚመቱት ግን እንደ ተወለዱ ነበሩ።

ከሁሉ የሚያምረው ከኢታንግ ወዲያ ባለው የጋትሏክ እናት መንደር ተገኘ። እናቱ የዚያች ቤተ ክርስቲያን የደወል ጠባቂ ናቸው። አማርኛ አይናገሩም፤ ጋትሏክ ያስተረጉማል። ደወሉን በሁለት እጃቸው አቅፈው «ይሄን ወስዳችሁ ሰውን በምን ልጥራ?» አሉ። አዲሱን ቸርኬ ሰቅለን በእንጨታቸው መታ አደረጉት። ራቅ ብለው ሄዱና ልጃቸው እንዲመታው አዘዙ። ተመልሰው መጥተው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ድምፁ የልጅ ነው ትላለች» አለ ጋትሏክ። «ግን ያድጋል ትላለች።»

ቸርኬዎቹን በብረት ብሩሽ አጸዳን፤ ነጭ መሐረብ አሸሁበት። የሞዞውን የተበሉ ብሎኖች በሙሉ ቀየርኩ። ዳዶው በቀዳዳው ላይ ልክክ ብሎ መቀመጡን አንድ በአንድ አየሁ። ጋትሏክን አጠገቤ አቁሜ ነበር የሠራሁት፤ የጥፍር ቀለሙን እንዲገዛ የላክሁትም እሱን ነው። ባለሱቁ እንደ ድሮው አሾፈ አሉ። በመጀመሪያው ጉዞ ከኋላው ግራ ጎማ በላይ ተቀመጥኩ። ክረምቱን ሙሉ ሃርድቶፑ ሠራ። እኔም ክረምቱ ሲወጣ ጡረታዬን ወሰድኩ።

አሁን በቅርቡ የጋትሏክ እናት ዓይናቸውን ታክመው ከሆስፒታል ወጡ። ወደ መንደራቸው ሲመለሱ እኔም ዘመድ ልጠይቅ ወደ ኢታንግ ስለምሄድ አብሬ ልሳፈር ደረስኩ። ጋትሏክ በዚያው ጠዋት ጎማዎቹን ሁሉ አውልቆ ፍሬን ሠርቶ መልሶ ገጥሟል። መስመሩ አዲስ ነው፤ ከእኔ መስመር ይቀጥናል እንኳ። ተመልክቼ ምንም አላልኩም። እንደ ልማዴ በኋላው በር ገብቼ ከግራው ጎማ በላይ ልቀመጥ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ማዘር፣ እዚያ አይደለም።»

«ለምን? የእኔ ቦታ ነው እኮ።»

«የአንቺ ነበረ። ዛሬ ብሎን ማን አጠበቀ?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ መሪ ላይ ነኝ። በእኔ ቦታ እሷ ትቀመጣለች።» እናቱን አቅፎ አነሣቸውና ከግራው ጎማ በላይ አስቀመጣቸው። ነጠላቸውን ከእግራቸው ላይ አስተካከለላቸው።

እኔ ወደ ሌላው ጥግ ሄድኩ። መኪናው ተነሣ። ጆሮዬ ለተወሰነ ጊዜ ከወለሉ ሥር ቆየ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ሌሎቹ ናቸው። ማንጎው ሥር ሲያቆም፣ ወርዶ ሞዞዎቹን በእጁ ጀርባ ሲነካ፣ ዳዶዎቹን እንደገና ሲፈትሽ፣ እናቱ ራሳቸው ጮክ ብለው ሲስቁብኝ እንኳ አልነቃሁም። ኢታንግ ስንደርስ ነው የቀሰቀሱኝ።